«ቆንጆ ነው» ብሎ ዝም

ሰኔ ገብቶ ጅማ ዝናቧን ማውረድ በጀመረችበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦሳ አዲስ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሁሉም ወደ ረከቦቱ ጠጋ ብሏል። ጥግ ላይ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ደብተሯን ለጓደኛዋ ሰጥታ ፊት ፊቱን ታየዋለች። ደብተሩ ውስጥ ያለው ለወላጆች ቀን የጻፈችው ጭውውት ነው፤ ስድስት ገጽ ሙሉ። ልጁም እንደ እሷው ይጽፋል። በትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ የሚቀርበውን ቀልድ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ስለዚህ ለእሷ እንደ ማንኛውም አንባቢ አይደለም፤ የሥራ ባልደረባ ነው።

ልጁ ገለጠ፣ ገለጠ፣ አንድ ቦታ ላይ ፍንጭት ብሎ ሳቀና አለፈ፣ ጨረሰ፣ ደብተሩን መለሰላት።

«ቆንጆ ነው።»

«እና?»

«ቆንጆ ነው አልኩሽ እኮ።»

የልጅቷ ፊት ጥቁር አለ። ቢሰድባት ኖሮ የሚቀላት ይመስለኛል። አንድም ነገር ጽፎ ለሰው ያሳየ ሁሉ ያን ስሜት ያውቀዋል፤ ሦስት ሳምንት የለፋህበት ነገር በሁለት ቃል ተጠቅልሎ ሲመለስልህ ሰውዬው ያንብበው አያንብበው እንኳ እርግጠኛ አትሆንም። እኛ ወላጆችስ ስንት ጊዜ አድርገነዋል? ልጁ ሥዕሉን ይዞ ሲመጣ ዓይናችንን ከስልካችን ሳናነሣ «ጎበዝ፣ ቆንጆ ነው» ብለን አሰናብተነዋል። ጥፋቱ የክፋት አይደለም፤ የይሉኝታ ነው። ሰው እንዳይከፋው ብለን ዝም እንላለን፣ ዝምታችን ራሱ ያስከፋዋል።

ጭውውቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ታሪኩ ይህ ነው። አንዲት አሮጊት ከገጠር ቡና ጭና ጅማ ትገባለች። ነጋዴው ቡናውን ይረከብና ሒሳቡን በቴሌብር ይልክላታል። የልጅ ልጇ «ገንዘቡ ገብቷል» ይላታል። «የት?» «ስልኩ ውስጥ።» አሮጊቷ ስልኩን ትነቀንቃለች፣ ጀርባውን ትከፍታለች፣ ባትሪውን አውጥታ ሥሩን ታያለች። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ወዲህ በየቤቱ ይህን የመሰለ ነገር ያላየ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ አራተኛው ገጽ ላይ አሮጊቷ ዝም ትልና የልጅ ልጇን «ጆንያውን ፎቶ አንሣው» ትለዋለች። ፎቶውን ለነጋዴው ታስልክና ጆንያዋን መልሳ ልታሸክም ትነሣለች። ነጋዴው ሲጮህ «ምን ያስጮኽሃል? ቡናህ ስልክህ ውስጥ ገብቷል» ትለዋለች።

እኔ ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ልጁም ቅድም ፍንጭት ያለው እዚሁ ላይ ነበር። ታዲያ ይህን ለምን አልነገራትም?

እንዲህ ስል ጠየቅሁት፤ «እስቲ ስለ ጭውውቱ ደግነት ተወው። የት ጋ እንደ ሳቅህ ብቻ አሳየኝ።» ያለ ምንም ማመንታት አራተኛውን ገጽ ገለጠ። «የሰለቸህስ የት ጋ ነው?» አምስትና ስድስትን። «ያልገባህ?» ነጋዴው መጀመሪያ ሲገባ ማን እንደሆነ አልተነገረም። «ሌላስ?» እዚህ ላይ አንገቱን ሰበረና ወደ ረከቦቱ ቀና ብሎ አየ፤ ዝም አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ቆንጆ ነው» ከሚለው ቃል ሥር አራት የተለያዩ አስተያየቶች ተደብቀው ነበር ማለት ነው፤ አራቱም ትክክል፣ አራቱም ጠቃሚ። ልጁ ያጣው የሚናገርበትን መንገድ ብቻ ነው። ፍርድ የተጠየቀ መሰለው። ቀልድ ላይ ፍርድ መስጠት ደግሞ ከባድ ነው፤ «አያስቅም» ማለት ሰውየውን ራሱን «አትጥምም» እንደማለት ይሰማል። «እዚህ ጋ ሳቅሁ፣ እዚህ ጋ ጠፋብኝ» ማለት ግን ፍርድ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። እርሳስ አንሥቶ በሳቀበት መስመር ጠርዝ ላይ ምልክት ቢያደርግ እንኳ ይበቃል፤ ጸሐፊዋ ምልክት የሌለባቸውን ገጾች አይታ የቀረውን ራሷ ትረዳዋለች።

በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ነገር ያለን ቃል ራሱ ብዙ ታሪክ የተሸከመ ነው። አያቶች «ሂስ» ሲባሉ ትዝ የሚላቸው የደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ነው፤ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ራስን መውቀስ። ከዚያ በኋላ የመጣን ወላጆች ደግሞ «ግምገማ» የሚል ቃል ወርሰናል፤ እሱም ቢሆን በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው የሚያስደስት ትዝታ የለውም። ሁለቱም ሰውን የሚመረምሩ ናቸው፤ ሥራውን አይደለም። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ልጁ ጽሑፍ ይዞለት ሲመጣ ወይ ዳኛ ይሆናል፣ ወይ ዳኛ ላለመሆን ብሎ «ቆንጆ ነው» ይላል።

ሌላ መንገድ አገራችን ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። የቅኔ ቤትን ሥርዓት እንውሰድ። ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ብቻውን ወጣ ብሎ ነው፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ። የሚጀምረውም በትንሹ፣ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ነው። ሲሞላለት ይመጣና ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ቀደም ብሎ የገባ፣ ትናንት የራሱን ሲያሳርም የነበረ። የጀማሪውን ቅኔ ይሰማል፣ ቃሉ ያልሰመረበትን፣ ምሥጢሩ ያልተገናኘበትን ይነግረዋል። ጀማሪውም ተመልሶ ይቆጥራል። «ቆንጆ ነው» ተብሎ ብቻ የሚሸኝ የለም፤ «አትረባም» ተብሎ የሚባረርም የለም፤ ነገ ሌላ ቅኔ ይጠበቅበታልና። እኔን የሚያስገርመኝ አስነጋሪው ነው። ከሊቁ ይልቅ አንድ እርከን ብቻ ቀድሞ ያለ ጓደኛ ስሕተትን ቶሎ ያያል፤ እሱም በቅርቡ ሠርቶታላ።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር መነሻም ኮሜዲ መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። ሩሲያ ውስጥ የመድፍ ትምህርት ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም በፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ተውኔቱ አዲስ አበባ በሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ ታየ። በአውሬዎቹ ውስጥ የዘመኑ አስተዳደር ገመናው ይታይ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ያን ሥራ ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ኮሜዲ ጸሐፊያችን ያገኙት ምላሽ «ይህ ትዕይንት ረዝሟል፣ ይህቺ ቀልድ ግን ግሩም ናት» የሚል አልነበረም፤ «ይቁም» የሚል ነው። ሁለተኛ ኮሜዲ በምን ይሻሻል?

በኋላ በቴሌቪዥን ያሳቁንን ደግሞ ልብ በሉ፦ ልመነህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። በበዓል ዋዜማ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ሶፋ ላይ ያስቀመጡን ጥንዶች ናቸው። ሁለት ሆኖ የሚሠራ ሰው ትልቅ ዕድል አለው፤ ቀልዱን ሕዝብ ከመስማቱ በፊት የሚሰማ አንድ ጆሮ ምንጊዜም አጠገቡ አለ።

ስለ አንድ ጆሮ ጥቅም ከባሕር ማዶም ጥሩ ምሳሌ አለ። የእንግሊዞቹ ሞንቲ ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳዩት፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ ጭውውት አላቸው። ደንበኛ የሞተ በቀቀን ይዞ ወደ ሱቅ ይመለሳል፣ ባለሱቁ ግን «አልሞተም፣ ተኝቶ ነው» እያለ ይከራከረዋል። ሐሳቡ ሲወለድ በቀቀን አልነበረበትም፤ መኪናው የተበላሸበት ደንበኛና ምንም እንከን የለውም የሚል ሻጭ ነበሩ። ጆን ክሊስ ከጓደኛው ከግራሃም ቻፕማን ጋር ሲያሻሽለው፣ ዕቃው በቀቀን ቢሆንስ ያለው ቻፕማን ነው። ክርክሩ ያው ነው፣ የሰዎቹ ግትርነት ያው ነው። ጓደኛው ጭውውቱን አላፈረሰበትም፤ የሚሠራውን ነገር አይቶ አንድ ነገር ብቻ ለወጠ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቻፕማን አብሮ ጸሐፊ ነው፤ መለወጥ መብቱ ነው። የጓደኛን ደብተር የተዋሰ ሰው ግን «እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር» እያለ ሲቀጥል ጭውውቱ የሱ ይሆናል፣ ልጅቷም ደብተሯን ትዘጋለች። አንባቢ የታመመውን ቦታ በመጠቆም አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው መድኃኒቱን ሲያዝ ነው። ስለዚህ ከትእዛዝ ጥያቄ ይሻላል። ልጁን «ስለ ገጽ አምስትና ስድስት ጠይቃት እንጂ አትንገራት» አልኩት።

«እዚህ ጋ አሮጊቷ ምን ፈልጋ ነው?» አላት።

ልጅቷ አሰበች። ገጽ አምስትና ስድስት ላይ የልጅ ልጁ ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ አሮጊቷም ጥፋቷን አምና «ከዛሬ ጀምሮ ዘመናዊ ሆኛለሁ» ትላለች። «ምንም አትፈልግም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «መልእክት ይኑረው ስለተባልን ነው የጨመርኩት።»

ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። የትምህርት ቤት ጭውውት ሁሉ በምክር ካላለቀ ያላለቀ የሚመስለን እኛ ትልልቆቹ ነን። ልጆቹም ሕጉን ያውቁታል፤ አራት ገጽ ያስቁና ሁለት ገጽ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ቡናው ስልኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ማንም ሰው ሌላ ቃል መስማት አይፈልግም። ሁለቱን ገጾች ይዛ ጥቂት አመነታች፤ መምህሩን ጠይቃ እንደምትወስን ተናገረች። ጥሩ ነው፣ የሷ ሥራ ነው።

አሁን ልጁ አንገቱን ወደ ሰበረበት ነገር ልመለስ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ሳቅ የተመሠረተው በአሮጊቷ አማርኛ ላይ ነው። ቃል ትሰብራለች፣ ወንዱን በሴት ሴቱን በወንድ ትጠራለች፣ ሰው ይስቃል። ረከቦቱ አጠገብ ደግሞ የልጅቷ አያት፣ የእህቴ አማት ተቀምጠዋል። እሳቸው ከጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ ወዲያ ካለ መንደር የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በቡና ያሳለፉ፣ ኦሮምኛቸው እንደ ማር የሚወርድ፣ አማርኛቸው በኋላ የመጣ ሴት ናቸው። ልጅቷ «አኮ» ብላ ነው የምትጠራቸው። ጭውውቱ ውስጥ ያለችው አሮጊት ማን እንደሆነች ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ ገብቶናል። ልጁም ገብቶታል፤ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

የሰውን አነጋገር እየቀዱ ማሳቅ በኮሜዲያችን የቆየ ልማድ ነው፤ በሬዲዮውም በመድረኩም ስንስቅበት ኖረናል፤ እኔም ስቄያለሁ። ጅማን በመሰለ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ በሚነገርበት፣ ልጆች በአንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ በሚሻገሩበት ቦታ፣ ይህ ቀልድ ቅርብ ነው፤ እጅ ሲዘረጉ ይገኛል። ቅርብ መሆኑ ነው ችግሩ። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፉ የሳቁን በትር ያሳረፉት በአገልጋይዋ ላይ አልነበረም፤ በዘርና በማዕረግ በሚኩራሩት ላይ ነው። ወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ግማሾቹ የዚያች አሮጊት ዓይነት አማርኛ የሚናገሩ እናቶችና አያቶች ናቸው።

ልጁ ይህን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያላት ነገር ግን ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የተሻለው ነው። «ገጽ አራት ላይ ከአሮጊቷ ጋር ነው የሳቅሁት» አላት። «ገጽ አንድ ላይ ግን በእሷ ነው የሳቅሁት። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ደበረኝ።»

«ክፉ ነገር ጽፈሻል» አላላትም። «እንዲህ አይጻፍም» አላለም። የራሱን ሳቅ አይቶ የተሰማውን ተናገረ። ልጅቷ ቀላች። እንደ ልማዷ ልትከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህም ከባዱ ክፍል ነው፤ አስተያየት የሚቀበል ሰው ወዲያው «አይ፣ ማለት የፈለግሁት እኮ...» ብሎ ከጀመረ ሰጪው ይዘጋል። ማለት የፈለገችው ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም። መድረክ ላይ እየወጣች ልታብራራ አትችልም።

ይኼኔ እማማ ከረከቦቱ ወዲያ «ምንድነው የምትንሾካሾኩት? አንብቡልኝ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ አየችኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። በመጨረሻ እሷው አነበበች፤ ሁለቱን ገጾችም ሳትዘል፤ ድምፅዋ ግን እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። እማማ ሰሙ። «እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?» አሉ። ማንም አልመለሰም። ቀጥላ ባትሪው ጋ ስትደርስ ፈገግ አሉ፣ የጆንያው ፎቶ ጋ ስትደርስ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያም ማናችንም ያልጠበቅነውን አስተያየት ሰጡ።

«ይቺ ሴትዮ ቡና ሸጣ አታውቅም» አሉ።

«ለምን አኮ?»

«የታጠበ ቡና ጭና መጣች አልሽ። እኔ ከየት አምጥቼ ነው የታጠበ የምሸጠው? ወይ ቀይ እሸቱን በለቀማ ጊዜ እዚያው እሸጣለሁ፣ ወይ አድርቄ ጀንፈሉን አመጣለሁ። ደግሞ ነጋዴ ቤት ገብታ ሚዛኑን ሳታይ ስለ ገንዘብ ትጠይቃለች? ቡና የሸጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሚዛኑን ነው። እጁን የት እንዳሳረፈ ነው የሚያየው።»

ልጁ እርሳሱን አነሣ። የሚጽፍ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አየሁት፤ ፊቱ በራ። እማማ ግን አልጨረሱም። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ገንዘቡ ገባ ካለኝ» አሉ፣ «ስልኩ ለምን አልከበደም? ሚዛኑ ላይ አድርጌ አሳየዋለሁ። በፊትም ይህን ያህል፣ አሁንም ይህን ያህል። የታለ ገንዘቤ?»

ያን ዕለት የቆርቆሮው ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሰማንም። ልጅቷ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀምራለች። ከሚዛኑ በኋላ ገጽ አንድና ሁለት ምንም አያስፈልጉም ነበር፤ ማንም እንድታወጣቸው ሳይነግራት በረጅም መስመር ሰረዘቻቸው። አሮጊቷ አሁን ጭውውቱን የምትጀምረው ነጋዴው ሱቅ ገብታ ሚዛኑን ጎንበስ ብላ በማየት ነው፤ አንድም ቃል ሳትናገር። ነጋዴው ማን እንደሆነም ሚዛኑ ነገረን፤ ልጁ ያልገባው ነገር እግረ መንገዱን ተፈታ። ስድስቱ ገጽ ሦስት ተኩል ሆነ።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፤ ጊዜውን በሚመለከት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዋዜማው ላይ ቢሆን ኖሮ የልጁን ትክክለኛ አስተያየት ራሱ ባልሰማ እመርጥ ነበር። መድረክ ሊወጣ የተዘጋጀ ልጅ የሚፈልገው ጉሮሮውን የሚያረጥብበት ውኃና ፊት ወንበር ላይ የሚያየው የሚያውቀው ሰው ነው። በመጀመሪያው ንባብ ላይም የፊደል ግድፈት አይታረምም፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ሰው ሳቅ ሲጠብቅ የሚነገር ነገር አይደለም። ሌላው ደግሞ፣ ያልሳቅንበት ላይ አንሳቅ። ልጆች የሐሰት ሳቅን ይለያሉ፤ አንዴ ከያዙን በኋላ እውነተኛውንም አያምኑልንም።

ሲመሽ ልጁ ዝናቡ ጋብ ሲል ተነሣ። በር ላይ ሆኖ የራሱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ለሰኞው ሚኒ ሚዲያ የጻፈው ነው። ለልጅቷ ሰጣትና «ቆንጆ ነው ብለሽ እንዳትመልሽልኝ» አላት። እሷም እርሳሱን ተቀበለችው።

እማማ አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሏቸዋል፤ እሳቸውን ሆና የምትጫወተው ልጅ ማን እንደሆነች ገና አልተነገራቸውም። ሻርፓቸውን ለማዋስ ፈቅደዋል፤ ታጥቦ እንዲመለስ ግን አስጠንቅቀዋል።